የስድስት ወር ውሌ ሊያልቅ ሲል ነፍሰ ጡር መሆኔን አሳወቅሁ፤ አሠሪዬ “ውሉ አይታደስም” ማለት ይችላል?

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የሥራ ውሌ ለስድስት ወር የሚፈረም ሲሆን፣ ከተቀጠርሁበት ጊዜ አንሥቶ ጊዜው በደረሰ ቁጥር ያለ አንዳች ጥያቄ ሲታደስ ቆይቷል፤ የምሠራው ሥራም ተቋርጦ አያውቅም። አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የእርግዝና ክትትል የማደርግበት ጤና ተቋም የሰጠኝን ማስረጃ ለክፍል ኃላፊዬ ሳቀርብ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የሚያበቃው ውሌ እንደማይታደስ በቃል ነገሩኝ። ምክንያታቸው የምወልድበት ጊዜ ሰኔ 30 ከሚሆነው የበጀት ዓመት መዝጊያ ጋር ስለሚገጣጠም፣ በዚያ ወቅት “ያለ መቆራረጥ የሚሠራ ሰው” ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ለክትትል ወደ ሐኪም የሄድሁባቸው ቀናትም ከዓመት ዕረፍቴ ላይ እንደሚቀነሱ አክለው ነገሩኝ።

ማወቅ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። የክትትል ቀናቱን ከዓመት ዕረፍቴ መቀነስ ሕጋዊ ነው ወይ? ውሉ የጊዜ ገደብ ያለው ስለሆነ ብቻ፣ ነፍሰ ጡር ሆኜ ሳለሁ “ጊዜው አልቋል” ብለው ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ ወይ? የወሊድ ፈቃዱስ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ሁሉም ነገር በቃል የተነገረኝ በመሆኑ በእጄ ላይ ምንም ወረቀት የለኝም፤ አሁን ምን ማድረግ እንዳለብኝ የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ደንብ አዋቂ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። በአሠሪና ሠራተኛ ክርክሮች ላይ ለዓመታት ስለሠራሁ ከቀላሉ ጥያቄ ልጀምርና ከባዱን ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

አንቺን የሚመለከተው ሕግ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። የአዋጁ አንቀጽ 88 አሠሪው ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ የሕክምና ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንዲሰጥ ያስገድዳል። አሠሪው በአጸፋው ሊጠይቅ የሚችለው መመርመርሽን የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ እንድታቀርቢ ነው። የዓመት ዕረፍት በሌላ አንቀጽ የተቋቋመ የተለየ መብት ስለሆነ፣ የክትትሉን ቀን ከዚያ ላይ መቀነስ ሁለት መብቶችን አንድ አድርጎ አንዱን መውሰድ ነው። ከእያንዳንዱ ምርመራ በኋላ ማስረጃውን እየተቀበልሽ አስገቢ፤ ለራስሽም ቅጂ አስቀሪ።

የወሊድ ፈቃዱ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 60 ቀን ነበር። አሁን የቅድመ ወሊዱ 30 ተከታታይ ቀን እንዳለ ሆኖ የድኅረ ወሊዱ ወደ 90 ተከታታይ ቀን ከፍ ብሏል፤ ሁለቱም ከሙሉ ደመወዝ ጋር ናቸው። ሐኪሙ የገመተው ቀን ቢያልፍና 30ው ቀን ቢያበቃ እስክትወልጂ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ ታገኛለሽ፤ ቀድመሽ ከወለድሽም 90ው ቀን ከወለድሽ በኋላ መቆጠር ይጀምራል። ከዚህ ሁሉ በፊትም ቢሆን ሐኪም ዕረፍት እንድታደርጊ ካዘዘ፣ አንቀጹ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጥሻል። ለእነዚህ መብቶች “አንድ ዓመት ያገለገለች” የሚል ቅድመ ሁኔታ በሕጉ ውስጥ አልተቀመጠም።

ከባዱ ጥያቄ ውሉን የሚመለከተው ነው። አንቀጽ 87 አሠሪው ሴት ሠራተኛን በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ እንዳያሰናብት ይከለክላል፤ የሚፈቀደው ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ግንኙነት በሌላቸው፣ አዋጁ ለይቶ በጠቀሳቸው ምክንያቶች፣ ለምሳሌ በከባድ ጥፋት ብቻ ነው። አሠሪሽ ግን “እኔ አላሰናበትኋትም፤ ውሉ በራሱ ጊዜ አበቃ” ብሎ እንደሚከራከር ከወዲሁ መገመት አለብሽ። በእርግጥም ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል ጊዜው ሲያልቅ እንደሚቋረጥ ሕጉ ይናገራል። ስለዚህ የክርክሩ ቁልፍ ያለው በአንቀጽ 9 እና 10 ላይ ነው። የሥራ ውል በመርሕ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ ማድረግ የሚቻለው በአንቀጽ 10 በተዘረዘሩት ሁኔታዎች ብቻ ነው፤ እነዚህም እንደ ወቅታዊ ሥራ፣ ተለይቶ የታወቀ አንድ ሥራ ወይም ለጊዜው የቀረን ሠራተኛ መተካት ያሉ ናቸው። የአንድ ድርጅት ሒሳብ ግን ድርጅቱ እስካለ ድረስ የሚሠራ ሥራ ነው። ስድስት ወር የሚል ወረቀት በየጊዜው ማስፈረም የሥራውን ጠባይ አይለውጠውም፤ ውልሽ ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ነው ብሎ መከራከር ጠንካራ መሠረት አለው።

ይህ ከተረጋገጠ ውጤቱ ትልቅ ነው። አንቀጽ 26 እርግዝናን ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ሊሆኑ ከማይችሉት ነገሮች መካከል በግልጽ ጠቅሶታል። በዚህ ዓይነት ምክንያት የተሰናበተ ሠራተኛን አሠሪው ወደ ሥራው የመመለስ ግዴታ እንዳለበት አንቀጽ 43 ይደነግጋል፤ በሌሎች ሕገ ወጥ ስንብቶች እንደሚሆነው ዳኛው ካሣን አማራጭ አድርጎ አይወስንም። ካሣውን ይዤ ልልቀቅ የማለት ምርጫው የሠራተኛዋ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚያሳስበኝ በእጅሽ ወረቀት አለመኖሩ ነው። ዛሬ ነገ ሳትዪ ደብዳቤ ጻፊ። “በዚህ ቀን ነፍሰ ጡር መሆኔን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ አቅርቤ ነበር፤ ውሌ እንደማይታደስና የክትትል ቀናቴ ከዓመት ዕረፍቴ እንደሚቀነሱ በቃል ተነግሮኛል፤ ድርጅቱ ያለውን አቋም በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ እጠይቃለሁ” የሚል ይሁን። በመዝገብ ቤት አስገቢው፤ ቀሪው ቅጂ ላይ የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ፊርማውንና ቀኑን እንዲያኖርበት አድርጊ። ለሰው ኃይል አስተዳደር፣ የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ደግሞ ለማኅበሩም ግልባጭ ይድረስ። ባይመልሱልሽ እንኳ፣ ስለ እርግዝናሽ ያውቁ እንደነበር ከዚያ በኋላ ሊክዱ አይችሉም።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦

ደንብ አዋቂ የጻፉትን የሕግ ትንታኔ አልቃወምም፤ ጠያቂዋም መብቷን በጽሑፍ እንድትጠይቅ እመክራለሁ። ይሁን እንጂ በሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ የምንሠራ ሰዎች የምናየው ሌላ ገጽታ እንዳለ መናገር ያስፈልጋል። በሀገራችን የወሊድ ፈቃድ ደመወዝን ሙሉ በሙሉ የሚሸከመው አሠሪው ነው፤ ወጪውን የሚጋራ የማኅበራዊ ዋስትና ፈንድ የለም። ብዙ ሠራተኛ ላለው ድርጅት ይህ የሚታይ ጫና ላይሆን ይችላል፤ አምስት ወይም ስድስት ሠራተኛ ላለው ግን ለአራት ወር አንድ ደመወዝ ለባለ ፈቃዷ፣ ሌላ ደመወዝ ለተተኪው መክፈል እውነተኛ ችግር ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ባለቤቶች ወጣት ሴት ከመቅጠር እንደሚሸሹ፣ በቃለ መጠይቅ ላይም “ልጅ ለመውለድ ታስቢያለሽ?” የሚል ጥያቄ እንደሚያነሡ በዓይኔ አይቻለሁ። ድርጊቱን እያወገዝሁ ነው የምናገረው፤ ምንጩን ሳይነኩ አሠሪን ብቻ መውቀስ ግን ሴቶችን ከቅጥር በር ላይ ያስቀራቸዋል ብዬ እሠጋለሁ።

ማኅበርተኛ፦

የሰው ኃይል ባለሙያው ያነሡት ነጥብ ክብደት አለው፤ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም ከረጅም ጊዜ በፊት ተገንዝቦታል። በ2000 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የወሊድ ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 183፣ ክፍያው በግዴታ ማኅበራዊ መድን ወይም በሕዝብ ገንዘብ እንዲሸፈንና ወጪው በእያንዳንዱ አሠሪ ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ይላል፤ ምክንያቱም እርስዎ የገለጹት መድልዎ እንዳይፈጠር ነው። ይኸው ስምምነት ከቅጥር በፊት የእርግዝና ምርመራ መጠየቅንም፣ ከጥቂት ለጤና አደገኛ ሥራዎች በስተቀር፣ ይከለክላል። እንዲህ ዓይነት ፈንድ በሀገራችን ቢቋቋም ከሚደግፉት የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ የሠራተኛ ማኅበራትም ጥያቄውን አጥብቀው ሊገፉበት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ይህ ለሕግ አውጪው የሚቀርብ ጉዳይ ነው። ዛሬ ሥራዋን ልታጣ ለተቃረበች ነፍሰ ጡር ሴት መልስ አይሆንም። ፈንድ እስኪቋቋም ድረስ ሸክሙን ከአሠሪው ላይ አንሥቶ ገቢ በሚያስፈልጋት ሰዓት በእርሷ ላይ መጫን ከሁሉም የከፋው አማራጭ ነው። የሴቶች የወሊድ ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ውስጥ የተቀመጠው፣ በአንድ ድርጅት የዓመቱ ሒሳብ ትርፍና ኪሣራ እንዳይለካ ነው። የመተኪያውም ጉዳይ ቢሆን መፍትሔ አለው፤ በፈቃድ ላይ ያለን ሠራተኛ የሚተካ ሰው ለተወሰነ ጊዜ መቅጠርን አንቀጽ 10 ራሱ ይፈቅዳል። ሰኔ 30ን መዝጋት የሚፈልግ ድርጅት ከአሁኑ ተተኪ ቀጥሮ በእርሷ ሊያሠለጥን ይችላል፤ በቂ ወራት አለው።

የሁለት ልጆች እናት፦

እኔ ከሕጉ ይልቅ ሥራ ላይ ሲውል ያየሁትን ልጨምር። በፈረቃ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ ሁለተኛ ልጄን ፀንሼ ነበር። አዋጁ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዳትሠራ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራም እንዳትታዘዝ ይከለክላል። የፈረቃ አለቃዬ ግን ሌሎቹ ሴቶች ቅር ይላቸዋል በማለት ከሌሊት ፈረቃ ሊያወጣኝ አልፈለገም። በቃል ስለምነው ከርሜ በመጨረሻ ሐኪሜን ጠየቅሁ። ሐኪሜም ሥራው የሚሠራበትን ሰዓት፣ በማሸጊያው ክፍል ውስጥ ያለውን የኬሚካል ሽታና ለረጅም ጊዜ መቆሙን ጠቅሶ፣ ለእኔም ለፅንሱም አደገኛ ስለሆነ ወደ ሌላ ሥራ እንድዛወር የሚል ማስረጃ ጻፈልኝ። ያንን ደብዳቤ ለሰው ኃይል ክፍል ካስገባሁ በኋላ ወደ ቀን ፈረቃና ወደ ንብረት መመዝገቢያው ተዛወርሁ፤ ደመወዜም አልተነካም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ለክትትል ስትሄዱ ስለ ጤናችሁ ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራችሁም ለሐኪሙ በዝርዝር ንገሩት። ስንት ሰዓት እንደምትቆሙ፣ ምን ያህል ክብደት እንደምታነሡ፣ በምን ዓይነት ሽታና ሙቀት ውስጥ እንደምትሠሩ ካላወቀ “ዕረፍት ያስፈልጋታል” የሚል አጭር ወረቀት ብቻ ይሰጣችኋል። የምትሠሩት ሥራ ከነአደጋው የተጠቀሰበት ማስረጃ ግን ለመዛወር መብታችሁ መሠረት ይሆናል።

ከፈቃድ ከተመለስሁ በኋላ የገጠመኝ ደግሞ ከዚህ ይከብድ ነበር። ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ የጤና ባለሙያዎች ሁሉ ይመክራሉ፤ የድኅረ ወሊድ ፈቃዱ የሚያበቃው ግን ገና በሦስት ወሩ ነው። በአዋጁ ውስጥ ለማጥባት ተብሎ የተለየ የዕረፍት ሰዓት ስላላገኘሁ፣ ለዚህ መፍትሔ የሆነኝ የሠራተኛ ማኅበራችን ከድርጅቱ ጋር የተፈራረመው የኅብረት ስምምነት ነበር።

ማኅበርተኛ፦

የእህታችንን የመጨረሻ ነጥብ አጥብቄ እደግፋለሁ። ሕጉ ዝቅተኛውን ወለል ነው ያስቀመጠው፤ በኅብረት ስምምነት ከዚያ የተሻለ መስጠት ይቻላል። የድርድር ሐሳብ ስናቀርብ ደመወዝ ሁሉንም ጊዜ ይወስድና የማጥቢያ ሰዓት፣ የሕፃናት ማቆያ፣ የተለዋዋጭ ሰዓት ጉዳይ ወደ መጨረሻው ገጽ ይገፋል። በተደራዳሪው ቡድን ውስጥ የወለዱ ሴቶች ሲኖሩ ይህ እንደሚለወጥ ደጋግሜ አይቻለሁ።

አዲስ አባት፦

ሚስቴ ባለፈው ወር ወልዳለች። ለእኔ የተፈቀደልኝ ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ሕጉ እንዲህ ነው ወይስ ድርጅቱ ቀንሶብኝ ነው?

ደንብ አዋቂ፦

ሕጉ እንዲህ ነው ወንድሜ። አንቀጽ 81 ለአባት ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። በቀድሞው አዋጅ ጨርሶ ያልነበረ መብት በመሆኑ መሻሻል ነው፤ በቀዶ ሕክምና ለወለደች ሴት ግን የባሏ ሦስት ቀን ቤት መዋል ምን ያህል እንደሚረዳት መገመት አያዳግትም። የተጠራቀመ የዓመት ዕረፍት ካለህ ቀደም ብለህ አስመዝግበህ ከዚህ ጋር ማያያዝ ትችላለህ።

አንዲት ሥራ አስኪያጅ፦

እኔ በአንድ ድርጅት ውስጥ የሥራ መሪ ነኝ። ከላይ የተጠቀሰው ሁሉ ለእኔም ይሠራል ማለት ነው?

ደንብ አዋቂ፦

ይህ ብዙ ሰው የማያስተውለው ክፍተት ስለሆነ ጥያቄዎን አመሰግናለሁ። አዋጁ የሥራ መሪዎችን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ አድርጓል፤ ትርፍ ለማግኘት ላልሆነ ዓላማ የሚደረግ የግል አገልግሎት ቅጥርም እንዲሁ ውጭ ነው፤ የቤት ሠራተኞች በዚህ ምክንያት የአንቀጽ 87 እና 88 ጥበቃ አይደርሳቸውም። ሕገ መንግሥታዊው መብት ለሁሉም ሴት የተሰጠ ቢሆንም፣ ዝርዝሩን የሚወስነው ሕግ ለእነዚህ ሁለት ወገኖች ያን ያህል አልተሟላም። እርስዎ በውልዎ ላይ የመደራደር አቅም ስላለዎት የፈቃዱ ርዝመት፣ ክፍያውና ወደ ቦታዎ የመመለስ ዋስትናው በውሉ ውስጥ በጽሑፍ እንዲገባ ያድርጉ። የቤት ሠራተኛዋ ግን ይህን የመደራደር አቅም የላትም፤ ከሁሉም በላይ ጥበቃ የሚያስፈልጋት እርሷ ሆና ሳለ በሕጉ ዘንድ ከሁሉም ያነሰ ትኩረት ማግኘቷ እጅግ ያሳዝነኛል።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተመከርሁት መሠረት ደብዳቤውን ጽፌ በመዝገብ ቤት አስገብቻለሁ፤ ቀሪው ቅጂ ላይም የተቀበሉበት ፊርማና ቀን ሰፍሮበታል። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ጠርተውኝ የክትትል ቀናቱ ወደ ዓመት ዕረፍቴ እንደሚመለሱ ነግረውኛል። ስለ ውሉ ግን “ከሥራ አስኪያጁ ጋር እየተነጋገርን ነው፣ ታገሺን” ነው ያሉኝ። ሚያዝያ ሲያልቅ ምን ይሁን? እስከ መቼስ ልታገሥ? ሌላው ሥጋቴ ደግሞ፣ አሁን ቢያድሱልኝ እንኳ ከወሊድ ስመለስ በሌላ ሰበብ ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ የሚል ነው።

ደንብ አዋቂ፦

የክትትል ቀናቱን መመለሳቸው መልካም ነው፤ እርሱንም በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልሽ ጠይቂ። ከሁለተኛው ሥጋትሽ ልጀምር፣ ምክንያቱም በሥራዬ ያየኋቸው አብዛኞቹ ስንብቶች የደረሱት በእርግዝናው ወቅት ሳይሆን ከፈቃድ መልስ ነው። የድኅረ ወሊድ ፈቃዱ 90 ቀን ሲሆን የአንቀጽ 87 የስንብት ክልከላ የሚቆየው ከወሊድ በኋላ አራት ወር ነው። ስለዚህ ወደ ሥራ ከተመለስሽ በኋላ በዚህ አንቀጽ ጥላ ሥር የምትቆዪው አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አሠሪው በአንድ ጊዜ የአፈጻጸም ጉድለት ማየት ይጀምራል፣ ወይም የሥራ መደቡ እንደታጠፈ ይገልጻል። ያኔ የሚጠብቅሽ አንቀጽ 26 ነው፤ እርግዝናንና የቤተሰብ ኃላፊነትን የስንብት ምክንያት ማድረግን የሚከለክለው ይህ አንቀጽ የአራት ወር ገደብ የለበትም። ነገር ግን እውነተኛው ምክንያት ወሊዱ እንደሆነ ለማሳየት ማስረጃ ያስፈልጋል። ወደ ፈቃድ ከመውጣትሽ በፊት ያለፉት የሥራ አፈጻጸም ውጤቶችሽን፣ የምስጋና ደብዳቤ ካለሽ እርሱን፣ የሥራ መደብሽን መግለጫና የርክክብ ሰነድሽን ቅጂ ቤትሽ አስቀምጪ። ከፈቃድ በፊት ጥሩ የነበረ ውጤት ከተመለስሽ በሁለት ወር ውስጥ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ከወደቀ፣ ለዳኛ ብዙ ይናገራል።

ስለ ሚያዝያው ደግሞ፣ ከማኅበርተኛ ጋር በስልክ ተነጋግረን ልምዱ ስላለው እርሱ ይመልስልሽ።

ማኅበርተኛ፦

እህቴ፣ ትዕግሥት እስከ ውሉ ማብቂያ ቀን ድረስ ምንም አይጎዳሽም። እስከዚያው የአካባቢሽን የሠራተኛና ማኅበራዊ ወይም የሥራና ክህሎት ቢሮ አነጋግሪ፤ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ድርጅቱን ጠርቶ ሊያነጋግር ይችላል፤ ብዙ ጉዳይም በዚሁ ደረጃ ያልቃል። ውሉ ሳይታደስ ከሥራ ከታገድሽ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይርጋ፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ ይቆጠራል። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ይቀራል፤ የደመወዝና ከውል መቋረጥ ጋር የተያያዙ ሌሎች የክፍያ ጥያቄዎች ስድስት ወር አላቸው። በድርጅቱ ውስጥ የሚደረግ የቃል ንግግር ወይም የሽማግሌ ልመና ይህንን ጊዜ አያቆመውም። አንቺ ደግሞ በእነዚያው ሦስት ወራት ውስጥ ነው የምትወልጂው፤ በአራስነትሽ ፍርድ ቤት መመላለስ እንዳይኖርብሽ ውክልና የምትሰጪውን ሰው ከአሁኑ አስቢ።

ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የተፈራረምሻቸውን ውሎች በሙሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ አሁኑ፣ በቅደም ተከተል አዘጋጅተሽ ሂጂ፤ ሥራው ቋሚ መሆኑን የሚያስረዱልሽ እነርሱ ናቸው። የደመወዝ መክፈያ ወረቀቶችሽንና በመዝገብ ቤት ያስፈረምሽበትን ቅጂም አብረሽ ያዢ።